የሰፈሩ ህንድ ምግብ ቤት፦ ከሜኑው እስከ ጾም ቀን ማዕድ

ለንደንም ይሁን ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ዱባይም ይሁን አዲስ አበባ፣ የሰፈር ህንድ ምግብ ቤት ሜኑ ብዙ ጊዜ ከመቶ በላይ ምግብ ይዘረዝራል። ለቤቱ አዲስ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ወይ ስሙን የሰማውን አንድ ዶሮ ያዛል፣ ወይ አስተናጋጁን «አንተ ምረጥልን» ይለዋል። ሁለቱም አያዋጡም። ዝርዝሩ የረዘመው ወጥ ቤቱ መቶ ድስት ስለሚጥድ አይደለም። ጥቂት መሠረታዊ መረቆች አስቀድመው ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ዶሮ፣ በግ፣ ሽሪምፕ፣ ፓኒር (የህንድ አይብ) ወይም አትክልት ሲገባበት ስሙ ይባዛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው መረቁ ነው። ሥጋው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

በተለይ በብሪታንያ ያሉት ካሪ ቤቶች በርከት ያለ ሽንኩርት ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከእርድ ጋር በትልቅ ድስት ቀቅለው ይፈጩና ያስቀምጣሉ። ትዕዛዝ ሲመጣ አብሳዩ ዘይት አግሎ ቅመሙን ያቁላላል፣ ከዚህ መረቅ አንድ ሁለት ጭልፋ ይጨምራል፣ ቀድሞ የበሰለውን ሥጋ ያስገባና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያወጣዋል። ወጡ ቶሎ መጣ ብላችሁ አትጠራጠሩ፤ አሠራሩ እንዲህ ነው። ነገር ግን ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ስም ያለው ምግብ አዝዞ አንድ ዓይነት ጣዕም ሲደርሰው ምክንያቱ ይኸው ድስት ነው። መፍትሔው ከተለያየ ቤተሰብ ማዘዝ ነው።

መረቆቹ

ባተር ቺክን፣ በሌላ ስሙ ሙርግ ማክኒ፣ ከተፈጨ ቲማቲም፣ ከቅቤ፣ ከክሬምና ብዙ ጊዜም ካሹ ከተባለው ለውዝ የሚሠራ፣ ለስለስና ጣፈጥ ያለ ነው። መጨረሻ ላይ የደረቀ የአብሽ ቅጠል በእጅ ታሽቶ ይነሰነስበታል፤ ሳህኑ ሲቀርብ ያ ሽታ ከሌለ ወጥ ቤቱ አቋራጭ ሄዷል። የምግቡ ታሪክ ዴልሂ ከሚገኘው ሞቲ ማሃል ጋር ይያያዛል። ከ1947 (እ.ኤ.አ.) የህንድና የፓኪስታን ክፍፍል በኋላ ከፔሻዋር የመጡ ሰዎች የከፈቱት ቤት ነው፤ ማን ፈጠረው የሚለው ጥያቄ በ2024 ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቲካ ማሳላ ደግሞ መጀመሪያ ታንዱር በተባለው የሸክላ ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ አጥንት አልባ ዶሮ ተመሳሳይ የቲማቲምና የክሬም መረቅ ውስጥ ገብቶ፣ ቅመሙ ጠንከር ተደርጎ የሚቀርብ ነው። ዝናው የወጣው በብሪታንያ ነው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ በ2001 የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብለው ጠርተውታል። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማዘዝ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። አንዱ ይበቃል።

ኮርማ በእርጎ ወይም በክሬም፣ በተፈጨ ካሹ ወይም አልመንድ ይወፍራል። በብሪታንያ ኮኮናት ይጨመርበትና ጣፋጭ ይሆናል። ለልጆች ጥሩ ነው። በርበሬ የለመደ ምላስ ግን ከአራተኛው ጉርሻ በኋላ ይሰለቸዋል፤ ለብቻው አትዘዙት።

ካራሂ (ካዳይ ብለውም ይጽፉታል) ለእኛ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን የሚገባው ነው። በጎድጓዳ ብረት መጥበሻ፣ በቲማቲም፣ በቁርጥራጭ ቃሪያና ሸካራ ተደርጎ በተወቀጠ ድንብላልና ደረቅ በርበሬ ይሠራል። ክሬም የለበትም፤ መረቁ ወፍሮ ሥጋው ላይ ይያዛል፤ በዳቦ ለመጥቀስ ይመቻል። ዶፒያዛም ቅርቡ ነው፦ ሽንኩርቱ ሁለት ጊዜ ይገባል፣ መጀመሪያ እስኪሟሽሽ ይቁላላል፣ ኋላ ደግሞ በትልልቁ ተቆርጦ ይጨመራል። የቁሌት ጣዕም የሚወድ ሰው አያዝንበትም። ጃልፍሬዚ በኃይለኛ እሳት ቶሎ የሚታመስ፣ እርጥብ ቃሪያ በብዛት ያለበት ነው።

ሮጋን ጆሽ የካሽሚር የበግ ምግብ ነው። ቅላቱ ያስፈራል እንጂ አያቃጥልም፤ የካሽሚር በርበሬ ቀለሙ ደማቅ፣ ማቃጠሉ ለዘብ ያለ ነው። በደንብ ሲሠራ እንስላልና ደረቅ ዝንጅብል ይሸታል። ሳግ ወይም ፓላክ የተባለው ብዙውን ጊዜ የተፈጨ ስፒናች ነው፤ ብዙ ቤቶች ክሬም ይጨምሩበታል።

ማድራስ፣ ቪንዳሉ፣ ፋል በብሪታንያ ሜኑ ላይ የማቃጠል ደረጃ መለኪያ ሆነዋል። ማድራስ ይቆጠቁጣል፣ ቪንዳሉ ከዚያ ይብሳል፣ ፋል ለውርርድ ካልሆነ በቀር የሚታዘዝ ምግብ አይደለም። የቪንዳሉ አገሩ ጎዋ ነው፤ ከፖርቹጋሎች በወረሰው መንገድ በኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት የሚዘፈዘፍ ሥጋ ነው። የሰፈሩ ካሪ ቤት የሚያቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ድንች የገባበት የሚያቃጥል ቀይ ወጥ ብቻ ነው። ኮምጣጤው ካልተሰማችሁ ስሙን ብቻ ገዝታችኋል።

በሜኑው ላይ ደጋግመው የሚመጡትን ጥቂት ቃላት መያዝ አስተናጋጁን ከመጠየቅ ያድናል። ሙርግ ዶሮ ነው፣ ጎሽት ሥጋ (ብዙውን ጊዜ ፍየል ወይም በግ)፣ ኪማ የተፈጨ ሥጋ፣ ማችሊ ዓሣ፣ ጂንጋ ሽሪምፕ፣ አንዳ እንቁላል። ከአትክልቱ ወገን «አሉ» የሚባለው ድንች፣ ጎቢ አበባ ጎመን፣ ቢንዲ ባሚያ፣ ባይንጋን ደበርጃን፣ ማታር አተር፣ ቻና ሽምብራ፣ ራጅማ ቦሎቄ፣ ዳል ክክ ወይም ምስር ነው። «ሙተን» የሚለውን በግ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ህንዶች ፍየልንም እንዲሁ ይሉታል። ፍየል ካዘዛችሁ ከነአጥንቱ እንደሚመጣ ጠብቁ፤ ጣዕሙም ያለው እዚያው ነው። የበሬና የአሳማ ሥጋ በአብዛኛው ቤት አይገኝም፤ የኬረላ (የደቡብ ህንድ ግዛት) ሰዎች የያዙት ቤት ከሆነ ግን የበሬ ጥብስ ከኮኮናት ቁርጥራጭ ጋር ይኖራቸዋልና ሞክሩት። በማን እጅ እንደታረደ ለሃይማኖቱ ሲል የሚጠነቀቅ ሰው ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚቀርበው ሥጋ ሐላል ነው፤ በብሪታንያም ብዙዎቹ ካሪ ቤቶች የባንግላዴሽ ተወላጆች፣ በተለይም የሲልሄት ሰዎች ስለሆኑ ሐላል ማግኘት የተለመደ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከቤት ቤት ይለያያል።

አንድ ጥያቄ ሜኑውን ግማሽ ያሳጥረዋል፦ «አብሳዩ ከየት ነው?» ፑንጃቢ ከሆነ ታንዱሩንና ዳሉን ያዙ። ከሃይደራባድ ከሆነ ቢርያኒ። ከኬረላ ከሆነ ዓሣ። ከታሚል ናዱ ከሆነ ዶሳ፣ የደቡቡ የሩዝና የጥራጥሬ ቂጣ። ከሰሜን የመጣ አብሳይ ያለበት ቤት ሜኑ መጨረሻ ላይ ተለጥፎ የሚገኝ ዶሳ አብዛኛውን ጊዜ ለሜኑ ማሟያ የገባ ነው።

ስንት ይታዘዝ

ለሁለት ሰው አንድ መክፈቻ፣ ሁለት ወጥ፣ አንድ ሩዝ፣ ሁለት ዳቦ በቂ ነው። ለአራት ሰው አራት ወጥ፦ አንድ ክሬም ያለበት፣ አንድ ካራሂን የመሰለ ወፍራም፣ አንድ ዳል፣ አንድ ደረቅ አትክልት፤ ሁለት ሩዝና አራት ዳቦ ይጨመርበታል። ስድስት ሰው ሲኮን አምስት ወጥ ያጠግባል፤ ዳቦውን ነው ማብዛት። የተለመደው ስሕተት እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ማዘዙ ነው፤ አምስት ዶሮ በአምስት ስም ጠረጴዛውን ይሞላና ዳልም አትክልትም የለም። ወጦቹን መሐል አስቀምጦ መካፈል ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም፤ በያይነቱን በሳህን ማሰብ ነው።

መክፈቻ ላይ አትበርቱ። ሳሞሳ የምናውቀው ሳምቡሳ ነው፣ ሆዱ ግን ድንችና አተር፣ ቅርፊቱም ወፍራም። ሁለቱ ለአንድ ሰው ግማሽ ምሳ ነው። ፓኮራና ባጂ በሽምብራ ዱቄት ተለውሰው የሚጠበሱ ናቸው። ታንዱሪ ዶሮ በጋለ ብረት ላይ እየተንጫጫ ሲመጣ ከሥሩ ያለውን ሽንኩርት አትተዉት፣ ሎሚውን ጨምቁበት። ሥጋው እንደ ቀይ ቀለም የሚያንጸባርቅ ከሆነ የምግብ ቀለም ገብቶበታል፤ በበርበሬና በእርጎ ብቻ የተዘፈዘፈው ወደ ቡናማ ብርቱካን ያደላና ጠርዝ ጠርዙ ጠቆር ይላል።

ዳቦና ሩዝ

ታንዱር በከሰል ወይም በጋዝ የሚግል የሸክላ ምድጃ ነው። ውስጡ እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፣ ናን የተባለው ዳቦም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይበስላል። ይህ ፍጥነት ነው ላዩን ጥቁር ነጠብጣብ፣ ውስጡን ለስላሳ የሚያደርገው። ነጠብጣብ የሌለው፣ እኩል የገረጣ ናን ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የሞቀ ሊሆን ይችላል። አነስተኛ ቤቶች በምሳ ሰዓት ታንዱሩን ላያነዱት ስለሚችሉ «ታንዱሩ ነዷል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ናን ከነጭ ዱቄት፣ ብዙ ጊዜም በእርጎ ወይም በወተት ይቦካል። ታንዱሪ ሮቲ ከሙሉ ስንዴ ዱቄትና ከውኃ ነው፤ ቀጭን፣ ደረቅ ያለ፣ ወጥ ለመጥቀስ ከናን የሚሻል። ፓራታ በቅቤ ወይም በዘይት ተነባብሮ በብረት ምጣድ ይጋገራል። ፔሻዋሪ ናን ኮኮናትና ዘቢብ ያለበት ጣፋጭ ነው፤ ሳያውቁ ከቪንዳሉ ጋር ያዘዙት ሰዎች ፊታቸው ያስታውቃል።

ዳቦውን በአንድ ጊዜ አትዘዙ። ናን አሥር ደቂቃ ከቆየ ቆዳ ይሆናል። ለአራት ሰው ሁለቱን ከወጡ ጋር፣ ሁለቱን ወጡ ግማሽ ሲደርስ አስመጡ። አስተናጋጁ አንዴ ልጻፈው ካለ «ሁለቱ በኋላ» ብላችሁ አስምሩበት።

ሩዝ ላይ ምርጫው ቀላል ነው፤ መረቅ ለበዛበት ማዕድ ነጭ ባስማቲ፣ ለደረቅ አትክልት ፑላው፣ ማለትም በቅመም የተቁላላ ሩዝ። ቢርያኒ ግን ሩዝ ተብሎ የሚታዘዝ ሳይሆን ራሱን የቻለ ምግብ ነው። በግማሽ የበሰለ ሩዝና የተዘፈዘፈ ሥጋ ተነባብሮ፣ ድስቱ ታሽጎ በዝግታ እሳት ይበስላል። እውነተኛው ሲቀርብ ፍሬው ከፊሉ ነጭ፣ ከፊሉ ቢጫ፣ ከፊሉ ቡናማ ይሆናል፣ ሥጋው ከታች ይገኛል። ሁሉም ፍሬ አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ከሆነ የተጠበሰ ሩዝ ከካሪ ጋር ተቀላቅሎላችኋል። ስታወጡ ከላይ ብቻ አትጭለፉ፤ ጭልፋውን በጎን በኩል እስከ ታች አስገብታችሁ ከነሥጋው አንሡ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ቤይ ሊፍ የተባለው ቅጠል እንዳሉ ስለሚገቡ ሳህን ዳር ላይ አስቀምጧቸው፤ ሄሉን የነከሰ ሰው የቀረው ጉርሻ ሁሉ ሽቶ ይሆንበታል። ከራይታ፣ ማለትም ከእርጎና ከኪያር ጋር ይበላል እንጂ ባተር ቺክን አይፈስበትም።

ማቃጠሉ

«እኛ በርበሬ እንችላለን» ማለት ሁልጊዜ አያዋጣም። የእኛ በርበሬ ከሽንኩርትና ከቅቤ ጋር ረጅም ሰዓት በስሎ የሚለዝብ ነው። ጃልፍሬዚ ላይ የሚገባው እርጥብ ቃሪያ ግን መጨረሻ ላይ ስለሚጨመር በኃይሉ ይመጣል። በሌላ በኩል አሜሪካና አውሮፓ ያለው ቤት የውጭ ሰው ሲያይ «ሆት» ቢባልም አለዝቦ ይልካል። የሚያዋጣው «ሚዲየም» አዝዞ የተከተፈ ቃሪያና ሎሚ በጎን ማስመጣት ነው። ብዙ ቤት በነጻ ይሰጣል፤ እያንዳንዱም በልኩ ይጨምራል። ማስተካከል የሚቻለው በትዕዛዝ የሚሠራውን ብቻ እንደሆነ እወቁ፤ ቢርያኒና ዳል ማክኒ ቀድመው በስለዋል፣ ማንም አያለዝባቸውም።

ከተቃጠላችሁ ውኃ አይረዳም፤ የሚያቃጥለው ነገር በውኃ አይሟሟም፣ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ያባብሰዋል። ላሲ (የእርጎ መጠጥ)፣ ራይታ ወይም ወተት ያበርዳል። በጾም ከሆነ ነጭ ሩዝ ጎረስ ማድረግ ነው።

በጾም ቀን

ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት፣ ህንድ ቤት መዳኛ ይመስላል፤ የሜኑው ግማሽ አትክልት ነውና። ችግሩ የህንድ «ቬጅ» ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ማለት እንጂ ወተትና ቅቤ የሌለበት ማለት አለመሆኑ ነው። ህንድ ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ የሚታተመው አረንጓዴ ነጥብ ቅቤም አይብም ላለበት ይሰጣል። «ፒዩር ቬጅ» የሚል ሰሌዳ ያለው ቤትም ወጥ ቤቱ ሥጋ አያስገባም ማለቱ ነው። መጥበሻ ዘይቱ ሥጋ አለመንካቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጊ እና ፓኒር ግን እዚያ እንዲያውም ይበዛሉ። ጊ የእነርሱ ንጥር ቅቤ ነው።

«ፋስቲንግ ነን» ማለት ደግሞ ያሳስታል። ብዙ ሂንዱዎች ሲጾሙ ወተትና እርጎ ይፈቀድላቸዋል፤ የሚተዉት እህልና ጥራጥሬ፣ ብዙ ጊዜም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው። አስተናጋጁ በቅንነት ምስሩን ከልክሎ ድንች በእርጎ ሊያመጣላችሁ ይችላል፤ ከእኛ ጾም ተቃራኒው ማለት ነው። «ቪጋን» በሉ፣ በዚያም አትወሰኑ፣ በስም ቁጠሩለት፦ «ኖ ጊ፣ ኖ ባተር፣ ኖ ክሪም፣ ኖ ዮገርት፣ ኖ ፓኒር፣ ኦይል ኦንሊ።» ሂንዲ ተናጋሪ ከሆነ ማካን ቅቤ፣ ማላይ ክሬም፣ ዳሂ እርጎ፣ ዱድ ወተት ነው። እነዚህ ቃላት በምግብ ስም ውስጥም ስለሚገቡ ማክኒ፣ ማላይ፣ ዳሂ የሚል ያለበትን ሁሉ ሳትጠይቁ እለፉት። ሻሂ የተባለውም ክሬምና ካሹ ነው።

ምን ሊቀየር እንደሚችል የሚወስነው ምግቡ መቼ እንደተሠራ ነው። ዳል ታድካን ተመልከቱ። ክኩ በእርድና በጨው ብቻ ተቀቅሎ ይቀመጣል። ትዕዛዙ ሲገባ አብሳዩ በትንሽ መጥበሻ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ በርበሬ አግሎ እየተንጣጣ ዳሉ ላይ ይደፋዋል። ያ ማቁላያ በጊ ይሁን በዘይት የሚወሰነው በዚያች ደቂቃ ነው፤ «በዘይት» ካላችሁ የጾም ምግብ አገኛችሁ። ዳል ማክኒ ግን ጥቁሩ ጥራጥሬና ቦሎቄው ከቅቤና ከክሬም ጋር ለሰዓታት አብሮ የበሰለ ነው። «ቅቤውን አውጡልን» ቢባል የሚወጣ ነገር የለም፤ እሺ ያለ አስተናጋጅ ካለ ላዩ ላይ የሚፈሰውን ክሬም ብቻ ሊያስቀር ነው።

በዚሁ ሚዛን ሌላውን መዝኑ። አሉ ጎቢ፣ ቢንዲ ማሳላ፣ ጂራ አሉ (ድንች በከሙን) በትዕዛዝ በዘይት የሚሠሩ ደረቅ አትክልቶች ስለሆኑ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ቻና ማሳላ በመሠረቱ ዘይት ነው፣ መጨረሻ ላይ ቅቤ የሚጥልበት ቤት ስላለ ግን ተናገሩ። ባይንጋን ባርታ በእሳት የተጠበሰ ደበርጃን ተልጦና ተፈጭቶ በሽንኩርትና በቲማቲም የሚታሽ ነው፤ እጅግ ይጥማል፣ እዚህም ክሬሙን አስቀሩ። ስፒናቹ የተፈጨው ከክሬም ጋር ከሆነ አይሆንም፤ «ፒዩሬው ውስጥ ክሬም አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማላይ ኮፍታ፣ ናቫራታን ኮርማ፣ ፓኒር ያለበት ሁሉ ይቅር። ኢንዶ ቻይኒዝ የሚል ክፍል ካለ ጎቢ ማንቹሪያን፣ ማለትም ተጠብሶ በአኩሪ አተር ሶስና በነጭ ሽንኩርት የታመሰ አበባ ጎመን፣ ብዙ ጊዜ ወተት የለበትም፤ እንቁላል አለመግባቱን ብቻ አረጋግጡ።

ዳቦ ላይ ናን ይቅርባችሁ። «ታንዱሪ ሮቲ፣ ቅቤ ሳይቀባ» ነው የሚባለው። ይህን ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ ሮቲው ከምድጃ ሲወጣ ቅቤ መቀባት ለጋጋሪው የእጅ ልማድ ነውና ወረቀቱን ሳያነብ ይቀባዋል። ሲያብለጨልጭ ከመጣ መልሱት። ሩዙ ነጭ ይሁን፤ ፑላው በጊ ሊቁላላ ይችላል። አረንጓዴው የናና ማጥቀሻ ነጣ ካለ እርጎ አለበት፣ ቡናማው የሁመር ማጥቀሻ ግን ይሆናል። ሳሞሳና ፓኮራ በዘይት ነው የሚጠበሱት፤ ዶሮው የሚጠበስበት ዘይት ያው መሆኑ የሚከነክነው ሰው ይጠይቅ። ጣፋጩን በሙሉ ርሱት፤ ጉላብ ጃሙን፣ ራስ ማላይ፣ ኪር፣ ኩልፊ ሁሉም ወተት ናቸው። ሻዩንም ያለ ወተት በሉ፣ ማሳላ ሻይ ሲባል ከወተት ጋር የፈላ ነው።

የደቡብ ህንድ ቤት ካገኛችሁ ነገሩ ይቀላል። ዶሳ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተፈጭቶ የቦካ ሊጥ ነው፤ ምጣድ ላይ ሲሰፋ እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ ቆማ የምታየው ዓይነት ሥራ ነው። ማሳላ ዶሳ ውስጡ ድንች አለው፤ ሳምባር የተባለ የክክና የሁመር መረቅና የኮኮናት ማጥቀሻ ይከተለዋል። «በዘይት፣ ያለ ጊ» ካላችሁ፣ ማጥቀሻውም እርጎ እንደሌለበት ካረጋገጣችሁ ጨረሳችሁ። ዱባይና አቡዳቢ ካራማን በመሰሉ ሰፈሮች ያሉት ቤቶች በምሳ ሰዓት «ሚልስ» የሚባል ትሪ ያቀርባሉ፦ ሩዝ፣ ሳምባር፣ ራሳም የተባለ ቀጭን ጎምዛዛ መረቅ፣ ሁለት ሦስት አትክልት፣ ፓፓድ (ስስ የተጠበሰ ቂጣ)፣ ብዙ ጊዜም በድጋሚ እየተጨመረ። ከትሪው ላይ እርጎውንና ፓያሳም የተባለውን ጣፋጭ አስነሡ፣ ሩዙ ላይ ጊ እንዳይጨምሩም ቀድማችሁ ንገሩ። በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ከታንዱር የወጣውን ዓሣ ሳይሆን (በእርጎ ተዘፍዝፏል) በኮኮናት ወተት የተሠራውን የኬረላ ዓሣ ወጥ ይጠይቅ።

ጠረጴዛው ላይ

በእጅ መብላት ይቻላል፣ በቀኝ እጅ፣ በጣት ጫፍ። ዳቦውን በትንሹ ቆርሶ ወጡን መቆንጠጥ ለእኛ ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። የሚለየን ሌላ ነው። በህንድ ልማድ አንድ ሰው አፍ የደረሰ እጅ ወይም ማንኪያ የነካው ምግብ እንደተነካካ ይቆጠራል፤ የጋራው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የበላችሁበትን ቁራሽ መጥቀስ ህንድ ወዳጅ ከእናንተ ጋር ከተቀመጠ ያሳቅቀዋል። በማውጫ ማንኪያ ወደየሳህናችሁ አውጡ፣ ከዚያ በእጃችሁ ብሉ። ጉርሻ በእናንተው መካከል ከሆነ ማንም አይከለክልም።

መረቁ ላይ የሚንሳፈፍ ቀይ ዘይት ስስ ንብርብር ከሆነ ቅመሙ በደንብ እንደተቁላላ ያሳያል። ጣት የሚያህል ከሆነ ግን ዘይት በዝቷል፤ ማንኪያውን ከሥር አስገብታችሁ አውጡ። ለካሹ፣ ለሌላ ለውዝ ወይም ለስንዴ አለርጂ ያለበት ሰው ከመቀመጡ በፊት ይናገር። ካሹ በማይታይ መልኩ ተፈጭቶ ብዙ መረቅ ውስጥ ይገባል፤ ሂንግ የተባለው ቅመምም ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ስለሚሸጥ «ዳል ስንዴ የለበትም» ብሎ መተማመን አይቻልም።

አሜሪካ ውስጥ በምሳ ሰዓት ቡፌ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ። ሲከፈት ሂዱ፤ ሊዘጋ ሲል የሚገኘው ላዩ የደረቀ መረቅና የጠነከረ ናን ነው። ቡፌ ላይ «በዘይት ሥሩልን» ማለት ስለማይቻል ለጾም አይመከርም።

ሂሳብ ሲመጣ ሁለት ነገር ተመልከቱ። በብሪታንያ ገና ስትቀመጡ የሚመጣው ፓፓዶም (ያው ፓፓድ) እና የማጥቀሻ ሳህን ብዙ ጊዜ ይከፈልበታል፤ ካልፈለጋችሁ ሳትነኩት መልሱ። ለንደን ውስጥ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሂሳቡ ላይ ተጨምሮ መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ በላዩ ላይ ሌላ ጉርሻ አትደርቡ። አሜሪካ ግን ካልተጨመረ ከ18 እስከ 20 በመቶ ይጠበቅባችኋል። በር አጠገብ ሳህን ላይ ያለው በስኳር የተለበጠ እንስላል ነው፤ በማንኪያ መዳፍ ላይ ተደርጎ ይቃማል፣ አፍ ያጠራል።

የተረፈውን አስጠቅልሉ፤ ወጡ በማግስቱ እንዲያውም ይሻላል። መረቁ ስለሚወፍር ስታሞቁት ትንሽ ውኃ ጨምሩበት። ናኑን በእርጥብ እጅ ዳበስ አድርጋችሁ በጋለ መጥበሻ ላይ በየጎኑ ግማሽ ደቂቃ አሙቁት፤ ማይክሮዌቭ ያደርቀዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሩዙ ነው። በሩዝ ውስጥ የሚገኝ አንድ ባክቴሪያ መቀቀልን ይቋቋማል፣ ሩዙ ክፍል ውስጥ ሲቆይ ይራባል፣ የሚያመነጨውም መርዝ እንደገና ስለሞቀ አይጠፋም። ቤት እንደደረሳችሁ ወዲያው ማቀዝቀዣ አስገቡት፣ በማግስቱ በደንብ እስኪጨስ አሙቁና ብሉት፤ ጠረጴዛ ላይ ያደረውን ግን ጣሉት።